ፖቶማክ ላይ ካያክ የሚቀዝፍ ሐበሻ አለ? የመጀመሪያዬን ልገዛ ነው

የአሌክሳንድሪያዋ · ኤፕሪል፣ ማክሰኞ ጠዋት

ሰላም ለሁላችሁም። እንዴት ከረማችሁ?

የሌሊት ፈረቃ ነው የምሠራው። ጠዋት ወደ ቤት ስመለስ በ14ኛው ጎዳና ድልድይ ላይ አልፋለሁ። መንገዱ ሲጨናነቅ መስኮቱን ዝቅ አድርጌ የዋሽንግተን ዲሲውን ፖቶማክ ወንዝ አያለሁ። አሥራ አንድ ዓመት እንዲህ ሳየው ኖሬ አንድም ቀን ነክቼው አላውቅም ነበር። ባለፈው ኦገስት አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ጎትታ ጆርጅታውን ወሰደችኝ። ኪይ ብሪጅ የሚባለው ድልድይ ሥር ካያክ፣ ማለትም በመቅዘፊያ የሚሄድ ጠባብ ጀልባ፣ ተከራይተን የሩዝቬልትን ደሴት ዞርን። ድልድዩን ከሥሩ ሆኜ ቀና ብዬ ሳየው፣ መኪኖቹ ላይ ላዩን ሲያጉረመርሙ፣ እኔ ታች ጸጥታው ውስጥ ስሆን እንባዬ መጣ። ለምን እንደሆነ እስካሁን አልገባኝም።

ክረምቱን ሙሉ ሳስበው ከረምኩ። አሁን አንድ ሰው ያገለገለ የሁለት ሰው ካያክ በ250 ዶላር እየሸጠ ነው። ቅዳሜ 78 ፋራናይት ይሆናል ተብሏል። ልጄ 11 ዓመቱ ነው፤ እሱን ይዤ ልወጣ አስቤያለሁ። ቤታችን ወንዙ ዳር ላለው ቤል ሄቨን ቅርብ ነው።

ፈቃድ ያስፈልጋል? ምን ምን ልግዛ? ከየት ብነሳ ይሻላል? ዋና ብዙም አልችልም። ልጄ ግን ተምሯል።

ቀዛፊው · ማክሰኞ ቀን

እህቴ፣ እንኳን ደህና መጣሽ። እዚህ ስለ ውሃ የሚጠይቅ ሰው ሳገኝ በጣም ነው ደስ የሚለኝ። እኔ ዘጠነኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጥያቄዎችሽን ከመመለሴ በፊት ግን አንድ ነገር ልለምንሽ። ቅዳሜ አትውጪ። ካያኩን ግዢው፤ ውሃውን ግን ለጊዜው ተዪው።

አየሩ 78 ቢሆንም ውሃው ገና ከክረምት አልወጣም። በዚህ ሰሞን ፖቶማክ 50ዎቹ ውስጥ ነው። እኛ የምንለብሰው አየሩን አይተን ሳይሆን ውሃውን አይተን ነው። ውሃው ከ70 በታች ከሆነ ዌትሱት ወይም ድራይሱት (ከቀዝቃዛ ውሃ የሚከላከል ልብስ) ያስፈልጋል፤ ያውም ከሚያውቅ ሰው ጋር። አንቺ የተዋወቅሽው የኦገስቱን ወንዝ ነው። ያ ሞቅ ያለ፣ ዝግ ያለ ወንዝ ነው። የኤፕሪሉ ሌላ ነው። ዌስት ቨርጂኒያ ላይ የዘነበ ዝናብ እዚህ የሚደርሰው ከቀናት በኋላ ነው። ሰማዩ ጥርት ብሎ እያየሽው ወንዙ ደፍርሶ፣ ግንድ እየነዳ ይመጣል።

ወደ ጥያቄሽ ልምጣ። ሞተር ለሌለው ካያክ ምዝገባ የለም። ሞተር ከገጠምሽበት፣ ትንሿ የባትሪ ሞተር እንኳ ብትሆን፣ ምዝገባ ይከተላል። ላይፍ ጃኬት (ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ ሰደርያ) በሰው ቁጥር ልክ መኖር አለበት፤ የየሰዉም ልክ መሆን አለበት። ፊሽካ ያዢ። ሊመሽብሽ ከቻለ ነጭ መብራት ይኑርሽ። ልጅሽ ከ13 ዓመት በታች ስለሆነ ጃኬቱን መልበስ ግዴታው ነው። «እኔ የቨርጂኒያ ነዋሪ ነኝ» እንዳትዪ። ወንዙ እስከ ቨርጂኒያ ዳር ድረስ የሜሪላንድ ነው፤ ከተማው ጋ ደግሞ የዲሲ ነው። ከ1632ቱ የንጉሥ ቻርተር ጀምሮ የመጣ ነገር ነው። ቤል ሄቨን ላይ ካያክሽን ገፋ ስታደርጊው ስቴት ተሻገርሽ ማለት ነው።

ለአንቺ ለአዋቂዋ ሕጉ «ያዢ» ነው የሚለው። እኔ ግን «ልበሺ» እልሻለሁ። የአሜሪካ ኮስት ጋርድ (የባሕር ጠረፍ ጥበቃው) በየዓመቱ ሪፖርት ያወጣል። በጀልባ አደጋ ሰምጠው ከሚሞቱት አሥር ሰዎች ከስምንት በላይ የሚሆኑት ላይፍ ጃኬት አልለበሱም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ካያኩ ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ነው ወይስ ውስጡ የሚገባበት?

የአሌክሳንድሪያዋ · ማክሰኞ ማታ

እግዚአብሔር ይስጥልኝ ወንድሜ። ውስጡ የሚገባበት ነው። ሻጩ «በጣም የተረጋጋ ነው፣ አይገለበጥም» ብሎኛል።

እውነቱን ልንገርህ፣ ትንሽ ከፍቶኛል። ለልጄ ነግሬው ነበር። ዳር ዳሩን ብቻ ብንሄድስ?

የጣና ልጅ · ማክሰኞ ማታ

ኧረ ወገኖቼ፣ ሴትዮዋን አታስፈራሯት። እኔ ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። ልጅ ሆነን በታንኳ እንወጣ ነበር። ታንኳ ማለት ደንገል ነው፤ ታስሮ የሚሠራ። ጎኑ ከውሃው እኩል ነው ማለት ይቻላል። ላይፍ ጃኬት ሚባል ነገር አይተን አናውቅም። ወይጦዎቹ አሳ ጭነው፣ እንጨት ጭነው በዚያው ነው የሚሄዱት። ውሃን የሚፈራ ሰው ውሃ ላይ አይዝናናም።

እህቴ፣ ዳር ዳሩን ከሆነ ምንም አትሆኚም። የኛ ሰው እዚህ አገር ከሥራና ከቤት ውጪ ሕይወት የለውም። አንድ ሰው ወጣ ሲል እናበረታታው እንጂ።

ሾፌሩ · ረቡዕ ሌሊት

ይህን ክር ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለመጻፍ አልፈለግኩም ነበር። ግን ልጅ ይዤ እወጣለሁ ስላለች ዝም ማለት አልቻልኩም።

የዛሬ ሦስት ዓመት ነው። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት። ልክ እንደዚህ ያለ ቀን ነበር፤ ፀሐይ፣ ቲሸርት፣ ቼሪው አበባውን የጨረሰበት ሰሞን። ከጓደኛዬ ጋር የሱን ካኑ (ላዩ ክፍት የሆነ ጠባብ ጀልባ) ይዘን ከጆርጅታውን በላይ ወጣን። ሁለት ላይፍ ጃኬት ነበረን። ሁለቱም በካኑው አፍንጫ በኩል ዕቃ እንዳይወድቅ ባሰርንበት ገመድ ታስረዋል። ምሳ ፍርፍር ይዘን ነበር፣ በክዳን ባለው ሳህን።

ሦስቱ እህትማማቾች የሚባሉት ድንጋዮች አጠገብ ስንደርስ ጓደኛዬ ፎቶ ሊያነሳ ወደ ጎን ዘንበል አለ። እኔ ለማመጣጠን ወደዚያኛው ዘንበል አልኩ። ከዚያ በኋላ የማስታውሰው ውሃ ውስጥ መሆኔን ነው።

ስለ ቅዝቃዜው ሰዎች ሲነግሩኝ «ይበርዳል» ማለታቸው ይመስለኝ ነበር። ብርድ አይደለም። ደረት ላይ የሚመታ ነገር ነው። ሳልፈልግ አፌ ተከፈተና ትንፋሽ ሳብኩ። ጭንቅላቴ በዚያች ቅጽበት ከውሃ በላይ መሆኑ የእግዚአብሔር ሥራ ነው። እኔ ዋናተኛ ነኝ። ላንጋኖ ላይ ደሴት ድረስ እዋኛለሁ ብዬ የምወራረድ ሰው ነበርኩ። ያን ቀን አሥር ክንድ መዋኘት አልቻልኩም።

ካኑውን ያዝነው። ላይፍ ጃኬቶቹን አያቸዋለሁ። ገመዱ ላይ ናቸው፣ ከእጄ አንድ ክንድ አይርቁም። ቋጠሮውን ራሴ ነኝ የቋጠርኩት። ጣቶቼ ግን አይታዘዙም። የሌላ ሰው ጣቶች ያየሁ ነው የመሰለኝ። ገመዱን እነካዋለሁ፣ አልይዘውም። የፍርፍሩ ሳህን ክዳኑ እንዳለ አጠገባችን እየተንሳፈፈ ሄደ። ዓይኔን ከሱ መንቀል አቃተኝ።

ያወጣን የተማሪ ቀዛፊዎች አሠልጣኝ ነው። በትንሽ ሞተር ጀልባ ተማሪዎቹን ይከተል ነበር። ዞር ብሎ ባያይ ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር። ውሃ ውስጥ የቆየነው ስምንት ደቂቃ ገደማ ነው አሉን። ዳርቻው ከኛ ከሰባ እርምጃ አይበልጥም ነበር።

የጣና ልጅ ወንድሜ፣ አክብሬህ ነው የምናገረው። «ዳር ዳሩን» የሚባለው ያ ሰባ እርምጃ ነው።

ነርስ ነኝ · ረቡዕ ጠዋት

ሾፌሩ፣ እንኳን እግዚአብሔር አተረፈህ። የጻፍከው ነገር ሁሉ ትምህርት ላይ የሚሰጠን ነው።

ለሌሎቹ ላብራራ። አንድ፣ አሥር፣ አንድ ብላችሁ ያዙት። የመጀመሪያዋ አንድ ደቂቃ የትንፋሽ ናት። ቀዝቃዛ ውሃ ቆዳን ሲነካ ሰው ሳያስበው አየር ይስባል፤ ከዚያ ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። ብዙ ሰው የሚያልቀው እዚህ ነው፤ ሰውነቱ ገና ሳይቀዘቅዝ። በዚህች ደቂቃ ለመዋኘት አትታገሉ። ጭንቅላትን ከውሃ በላይ አድርጎ ትንፋሽ እስኪረጋ መቆየት ነው። ላይፍ ጃኬት የለበሰ ሰው ይህን ማድረግ ይችላል። ያልለበሰ ለመንሳፈፍ መፍጨርጨር አለበት።

አሥሩ ደቂቃ የእጅና የእግር ነው። ደሙ ወደ መሐል አካል ይሸሻል፤ ጣቶች ሥራ ያቆማሉ። ሾፌሩ ቋጠሮውን መፍታት ያቃተው ለዚህ ነው። ጉብዝና የሚያመጣው ለውጥ የለም። የመጨረሻው አንድ፣ አንድ ሰዓት ነው። ቅዝቃዜው ራሱ ሰውን ራሱን እስኪያስት ድረስ ያን ያህል ጊዜ ይወስዳል። ደቂቃዎቹ ከሰው ሰው፣ ከውሃ ውሃ ይለያያሉ፤ ቅደም ተከተሉ ግን ያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፣ የቤታችንን ልማድ ስለማውቀው። ከቀዝቃዛ ውሃ የወጣ ሰው እጅ እግሩን አትሹት። አረቄ አትስጡት። ሻወር ውስጥ አታስገቡት። እርጥቡን ልብስ አውልቃችሁ፣ በደረቅ ነገር ደረቱንና ጀርባውን ጠቅልላችሁ፣ አስተኝታችሁ 911 ደውሉ።

የጣና ልጅ · ረቡዕ ማታ

ሾፌሩ ወንድሜ፣ ይቅርታ አድርግልኝ። እህቴም ይቅርታ። ትናንት የጻፍኩትን ላጠፋው አስቤ ነበር። ተከታዩ መልስ እንዲገባችሁ ብዬ ተውኩት።

ቀኑን ሙሉ ሳስበው ዋልኩ። እኛ ጣና ላይ ሕግ አልነበረንም ብዬ ነው ያሰብኩት። ነበረን እኮ። አባቴ «ጣናን ጠዋት እንጂ ከሰዓት አትመነው» ይል ነበር። ጠዋት ውሃው መስተዋት ነው። ከሰዓት ነፋስ ይነሳል። ታንኳ ያለው ሰው ነፋሱ ሳይነሳ መሬት ይደርሳል፤ ወይም ካለበት ደሴት አድሮ ይመለሳል። ታንኳ ውሃ ሲጠጣ እንደሚከብድ ያውቃሉ፤ አውጥተው ፀሐይ ላይ ያቆሙታል። የደከመውን ታንኳ ትተው አዲስ ያስራሉ። ይህን ሁሉ ማንም አልጻፈላቸውም እንጂ እያንዳንዱ ሕግ ነው። የጣና ውሃ ደግሞ እንዲህ አይበርድም።

እኔ እዚህ አገር መጥቼ ውሃውን እንጂ ሕጉን አልተማርኩም። እህቴ፣ ቅዳሜ አትውጪ።

ቀዛፊው · ሐሙስ ጠዋት

የጣና ልጅ፣ ይህን ስለጻፍክ አመሰግናለሁ። የነፋሱ ነገር እዚህም ያው ነው። ጀማሪ ከሆናችሁ ጠዋት ውጡ፤ ነፋሱ ሳይበረታ ተመለሱ። መጀመሪያ ወደ ነፋሱ ቅዘፉ። ስትመለሱ ደክማችኋል፤ ያኔ ነፋሱ ይግፋችሁ።

እህቴ፣ ወደ ካያኩ ልመለስ። ውስጡ የሚገባበት ካያክ መጥፎ አይደለም። ግን ርካሾቹ ውስጣቸው ባዶ ነው። ሲገለበጡ ውሃ ይሞላሉ፤ ውሃ ላይ ሆነሽ አፍስሰሽ ልትመለሺበት አትችዪም። ስታዪው ከፊትና ከኋላ የተዘጋ ክፍል ወይም አየር የያዘ ነገር መኖሩን እዪ። እጅሽን አስገብተሽ ነክተሽ አረጋግጪ። ለጀማሪ፣ በተለይ ከልጅ ጋር፣ ላዩ ላይ የሚቀመጡበት ይሻላል። ውሃው በቀዳዳዎቹ ወርዶ ይወጣል። ብትወድቂ በሆድሽ ተንፏቀሽ ተመልሰሽ ትወጪበታለሽ። ይህን ደግሞ ጭንቀት ሳይመጣ፣ ሞቃት ውሃ ውስጥ፣ ወገብ በሚደርስ ቦታ ልምምድ አድርጉት። እኔ በዓመት አንዴ፣ ጁን ላይ፣ ሆን ብዬ እገለበጣለሁ።

«አይገለበጥም» የሚባል ጀልባ የለም።

ልብሽ እንዳይሰበር ግን ይህን ጨምሬ ልጻፍ። ጁን ሩቅ አይደለም። እስከዚያ የዋና ትምህርት ጀምሪ። ዲሲ ለሚኖር የከተማው ገንዳዎች ነጻ ናቸው፤ አንቺ አካባቢም የካውንቲውን ጠይቂ። ገንዳ ዳር ቆመው ሸሚዛቸውን የማያወልቁ ሐበሻ አባቶችን ስንት ጊዜ አይቻለሁ! ልጆቻቸው ይዋኛሉ፤ እነሱ ፎጣ ይዘው ይጠብቃሉ። አንድ ሰው ውሃው ውስጥ ቢቸገር አብረው ነው የሚሰምጡት። አፍረን የምንተወው ነገር አይደለም።

ጋሽ ሜሪላንድ · ሐሙስ ቀን

ልጆቼ፣ ጽሑፋችሁን ወደድኩት። እኔ 61 ዓመቴ ነው። ጡረታ ሲደርስ ትንሽ ሞተር ጀልባ ገዝቼ ቼሳፒክ ላይ አሳ ማጥመድ ነው ምኞቴ። ለኔስ ምን ትሉኛላችሁ? እዚህ የሚያዘው አምባዛ ነው ይባላል። እኛ ደግሞ ቅርፊት የሌለውን አንበላም።

ቀዛፊው · ሐሙስ ማታ

ጋሼ፣ እድሜ ይስጥዎት። ሜሪላንድ ላይ ጁላይ 1 ቀን 1972 ወይም ከዚያ በኋላ የተወለደ ሰው ሞተር ጀልባ ለመንዳት የደኅንነት ኮርስ ወስዶ የምስክር ወረቀት መያዝ አለበት። እርስዎ ከዚያ በፊት ስለተወለዱ ግዴታ የለብዎትም። እባክዎ ኮርሱን ግን ይውሰዱት። የመርከብ መንገዱን ምልክቶች፣ ማን ለማን ቅድሚያ እንደሚሰጥ፣ ሬዲዮ ላይ ቻናል 16 ለምን እንደሆነ ያስተምራል። ስልክ ውሃ ከነካው አልቆለታል። ቻናል 16 ላይ ኮስት ጋርድ ይሰማዎታል።

ቼሳፒክን በስፋቱ አይገምቱት። ርዝመቱ 200 ማይል ያህል ነው፤ አማካይ ጥልቀቱ ግን 21 ጫማ ገደማ ብቻ ነው። ጥልቀት የሌለው ውሃ ነፋስ ሲመታው ሞገዱ አጭርና ቀጥ ያለ ይሆናል። አንዱን ሳይወጡት ሌላው ይመጣል። ትንሽ ጀልባን የሚያስቸግረው ይህ ነው። በጋ ላይ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ነጎድጓድ አለ። ምዕራቡ ሲጠቁር ካዩ አሳው ቢበላም ባይበላም ይመለሱ። የአየር ሁኔታ ሲያዩ የከተማውን ሳይሆን የውሃውን ትንበያ ይመልከቱ፤ ለትናንሽ ጀልባዎች ማስጠንቀቂያ ከወጣ አይውጡ።

አሳውን በተመለከተ፣ ፈቃድ ያውጡ። ብሉ ካትፊሽ የሚባለው አምባዛ ከሌላ አካባቢ መጥቶ ወንዙን ያጥለቀለቀ ነው። ቅርፊት ያለው ከፈለጉ በጸደይ ከታች ወደ ላይኛው ወንዝ የሚወጣው ፐርች አለ። ዲሲ ውስጥ ፍሌቸርስ ኮቭ ጋ ሰዉ በትናንሽ የቀዘፋ ጀልባ ሞልቶ ያጠምዳል። እባብ ራስ የሚሉት አሳም አለ። ፖቶማክ ውስጥ የተገኘው በ2004 ነው። መልኩ ያስፈራል፤ ሰውነቱ ግን ቅርፊት አለው። ዲሲ አካባቢ የሚያዘውን አሳ ከመብላትዎ በፊት የከተማውን የጤና ማሳሰቢያ ያንብቡ። የትኛው እንደሚበላ፣ ምን ያህል እንደሚበላ ይነግርዎታል።

ሾፌሩ · ዓርብ ሌሊት

እኔ ከዚያ ቀን በኋላ ውሃውን የተውኩ መስሏችሁ ከሆነ አልተውኩም። አንድ ዓመት ሙሉ በኪይ ብሪጅ ላይ ስነዳ ወደ ግራ ማየት አልችልም ነበር። በሁለተኛው ዓመት ኮርስ ወሰድኩ። አሁን በወር ሁለቴ እወጣለሁ።

ስለዚህ ደስ የሚለውንም ልጻፍ። ማሎውስ ቤይ ሄዳችሁ ታውቃላችሁ? ሜሪላንድ ውስጥ ነው፣ ቻርልስ ካውንቲ። ከዲሲ አንድ ሰዓት ገደማ። ለአንደኛው የዓለም ጦርነት የተሠሩ ከመቶ በላይ የእንጨት መርከቦች እዚያ ወድቀው ቀርተዋል። ጦርነቱ አለቀና አላስፈለጉም። ተቃጥለው፣ ብረታቸው ተለቅሞ፣ ቀፏቸው ወንዙ ውስጥ ቀረ። በ2019 ብሔራዊ የውሃ ጥብቅ ስፍራ ተብሏል። ውሃው ሲጎድል የመርከቡ ጎድን አጥንት ከውሃው ብቅ ይላል። በአንዳንዶቹ ላይ አፈር ተጠራቅሞ ዛፍ በቅሎባቸዋል። መርከቡ ዛፍ ተሸክሞ ቆሟል። ኦስፕሬይ የሚባለው አሳ አዳኝ ጭልፊት ጎጆውን እዚያ ይሠራል። አንድ ቀን አንዷ ከካያኬ አሥር ክንድ ሳትርቅ ውሃውን በእግሯ መታችና አሳዋን ይዛ ተነሳች። ውሃው ፊቴ ላይ ተረጨ።

የብረት ችንካሮች ውሃው ውስጥ ተደብቀዋል። ቀስ ብላችሁ ቅዘፉ፤ መርከቦቹ ላይ አትውጡ።

ሌላ ቦታ የማስጠነቅቃችሁ አንድ ነው። ከፍሌቸርስ ወደ ላይ፣ ወደ ቼይን ብሪጅ አትቅዘፉ። ከዚያ በላይ ብሩክሞንት ግድብ አለ። ከላይ በኩል ለሚመጣ ሰው ምንም አይመስልም፤ ውሃው ለስላሳ ነው። ከሥሩ ግን ውሃው ወደ ኋላ ይሽከረከራል፤ የገባበትን ሰው ደጋግሞ ያሰምጠዋል እንጂ አይለቀውም። ከዚያም በላይ ግሬት ፎልስ ነው። አንድ ማይል በማይሞላ ርቀት ውስጥ ወንዙ 76 ጫማ ይወርዳል። ያ ለእኔና ለእናንተ በዓይን የሚታይ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ እህቴ፣ ሁለት ላይፍ ጃኬት አለኝ። አንዱ የልጅ ነው፤ የእህቴ ልጅ አድጎበታል። ሲሞቅ እሰጥሻለሁ።

የአሌክሳንድሪያዋ · ቅዳሜ ማታ

ዛሬ አልወጣንም። አየሩ እንደተባለው 78 ነበር።

ልጄን ይዤ ቤል ሄቨን ሄድኩ፣ ዳር ላይ ተቀመጥን። ሾፌሩ የጻፈውን አነበብኩለት፤ አማርኛው የከበደውን ተረጎምኩለት። ከዚያ ጫማችንን አውልቀን እግራችንን ውሃው ውስጥ ከተትን። መቁጠር ጀመርን። እሱ አርባ ላይ አወጣ። እኔ ሃምሳ አምስት ደረስኩ። አጥንቴ ድረስ ገባ። ልጄ እግሩን እያየ «ይሄ እግር ብቻ ነው፤ ሙሉ ሰውነት ቢሆንስ?» አለኝ። ከዚያ በኋላ ስለ ቅዳሜው አልጠየቀኝም።

ያን ካያክ አልገዛሁም። ሄጄ እጄን አስገብቼ ነካካሁት። ባዶ ነው። ሻጩ ሲያየኝ ምን እንደምፈልግ ግራ ገባው።

የዋና ትምህርት ተመዝግቤያለሁ፣ ማክሰኞ ማክሰኞ። ስለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የጣና ልጅ፣ አንተም ይቅርታ መጠየቅ የለብህም፤ አባትህን ስላስተዋወቅከን አመሰግናለሁ።

አንድ የቀረኝ ጥያቄ፣ አፓርታማ ነው የምኖረው። ካያክ የት ይቀመጣል? አከራዩ በረንዳ ላይ ክልክል ነው ብሏል።

ነርስ ነኝ · እሑድ ቀን

እህቴ፣ እኔም አፓርታማ ነኝ። በአየር የሚነፋ ገዛሁ፤ ቁም ሳጥን ውስጥ ይገባል። ጥሩ ጎኑ ቀላልነቱ ነው። መጥፎ ጎኑም እሱ ነው፤ ነፋስ እንደ ቅጠል ይወስደዋል። ስለዚህ ጸጥ ባለ ቀን፣ ጸጥ ባለ ውሃ ብቻ ነው የማወጣው።

ለጸጥታ ደግሞ አናኮስቲያ ወንዝን የሚያክል የለም። ከብሌደንስበርግ ዋተርፍሮንት ፓርክ ግቢ። እዚያ የሚከራይም አለ። የመኪናው መንገድና ባቡሩ አጠገብሽ ሆነው ወንዙ ውስጥ ዛፍና ወፍ ብቻ ነው የምታዪው። ስሙ ጠፍቶ የኖረ ወንዝ ነው። ዲሲ በወንዞቿ መዋኘትን ከ1971 ጀምሮ ከልክላለች። ፍሳሹ ወንዙ ውስጥ እንዳይገባ የተሠራው ዋሻ በ2018 ሥራ ከጀመረ ወዲህ ግን ብዙ ተለውጧል። በ2010 የመጣው የአምስት ሳንቲም የፌስታል ክፍያም ቆሻሻውን ቀንሷል። ቢሆንም ከባድ ዝናብ ከጣለ ሁለት ሦስት ቀን ጠብቂ። ቁስል ካለብሽ ሸፍኚው። ከመብላትሽ በፊት እጅሽን ታጠቢ።

ውሃው እዚያም ይሞላል፣ ይጎድላል። ባሕሩ ያን ያህል ርቆ፣ ዲሲ ድረስ ሦስት ጫማ ያህል ከፍ ዝቅ ያደርገዋል። ኬኒልዎርዝ ረግረግ የምትገቢው ሲሞላ ብቻ ነው። ሰዓቱን ሳታዪ ገብተሽ ከጎደለ ጭቃ ላይ ትቀመጫለሽ። ጭቃው ደግሞ አያስረግጥም። ጁላይ ላይ ሂዱ። ኬኒልዎርዝ ላይ የሎተስ አበባው የሚፈነዳበት ጊዜ ነው።

የአሌክሳንድሪያዋ · ጁላይ፣ እሑድ ማታ

ክሩን ከሥር አወጣሁት፣ አትቀየሙኝ። ቃል ስለገባሁ ነው።

ትናንት ሄድን። እኔ፣ ልጄ፣ ሾፌሩ፣ ነርሷና የጣና ልጅ። ጋሼም መጥተው ዳር ላይ ወንበራቸውን ዘርግተው ቡና አፈሉልን። የሚሞላበትን ሰዓት አይተን አንድ ሰዓት ቀድመን ከብሌደንስበርግ ገባን። የተከራየነው ላዩ ላይ የሚቀመጡበት የሁለት ሰው ነው። ላይፍ ጃኬቱ ለልጄ ልክ ሆነ። ሾፌሩ ራሱ በአንገቱ በኩል ይዞ ወደ ላይ ሳበው፤ ጆሮው ድረስ አልወጣም። «እንዲህ ነው የሚለካው» አለው።

መጀመሪያ ያደረግነው መውደቅ ነው። ወገብ በሚደርስ ቦታ ልጄ ሦስቴ ወደቀ፣ ሦስቴ ወጣ። እኔ ሁለቴ ወደቅኩ። በሁለተኛው በሆዴ ተንፏቅቄ ስወጣ ነርሷ እልል አለች። በሌላ ጀልባ የሚያልፉ ሰዎች ዞር ብለው አዩን፣ ፈገግ አሉ። ውሃው እንደ ሻይ ሞቋል።

ወደ ረግረጉ መግቢያ ስንደርስ ልጄ መቅዘፉን አቆመ። ግራጫ ትልቅ ወፍ አንድ እግሯን ሰብስባ ቆማለች። ጥቂት ክንድ ነው ከኛ። ሁላችንም መቅዘፊያችንን ጭናችን ላይ አደረግን። ከመቅዘፊያው ጫፍ ውሃ ጠብ ጠብ ሲል ይሰማል፤ ሌላ ድምፅ የለም። የጣና ልጅ በሹክሹክታ «ጠዋት ነው እኮ» አለ። ነፋስ ሳይነሳ አንድ ሰዓት ቀርቶን ተመለስን።

ለኦገስት ሁለተኛ ቅዳሜ ቦታ ይዘናል፤ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ተኩል በኛ አቆጣጠር። እስካሁን አምስት ሰው ነን። ሁለት ትርፍ ላይፍ ጃኬት አለ፤ አንዱ የልጅ ልክ ነው። ማን ይመጣል?